ጨፌ ከላይ ሲታይ፦ የወታደር ሄሊኮፕተር የመገናኛና የዕቅድ ታሪክ ከጎሬና ከመቱ አንጻር

በክረምት መቱ ላይ ሄሊኮፕተር ቢያልፍ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። ደመናው ጣራ ሊነካ ደርሶ፣ የሶር ሸለቆ በጉም ተሞልቶ፣ በራሪው ራሱ ሳይታይ ጉርምርምታው በቡና ዛፉ ላይ ይመጣል። ልጆች ወደ ውጭ ይሮጣሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ሥራቸውን ያቆሙና ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፦ የማን ነው? ወዴት ነው?

ይህ ከታች ያለው ሰው ጥያቄ ነው። ከላይ ያለው አብራሪም የራሱ ጥያቄ አለው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ማን አለ? ሜዳው ይይዘኛል ወይ? ከኋላዬ የነበረው ጓደኛዬስ የት ደረሰ? እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሞተር ብዙ እናውቃለን አንልም። ነገር ግን የወታደር ሄሊኮፕተር መገናኛና የበረራ ዕቅድ ታሪክ በመሠረቱ የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው ብለን እናምናለን፤ ጥያቄ ደግሞ የእኛም ሙያ ነው። ዛሬ የዓለም ሠራዊቶች ሁሉ «ዲጂታል እንሁን» እያሉ ገንዘባቸውን በሚያፈሱበት ሰዓት ነገሩን ከኢሉባቦር ሆነን ብንመረምረው የምናተርፈው አለ። (ዘመኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የውጭውን ስንጠቅስ እ.ኤ.አ. እንላለን።)

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወጡ። ከሦስት ቀን በኋላ የኢጣልያ ጦር ከተማዋን ያዘ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ቅሪት መቀመጫ የሆነችው የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች። መቱ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማነቱን እስክትረከብ ድረስ ይህ ማዕረግ የጎሬ እንደነበረ ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የጊዜያዊው መንግሥት ራስ ሆኑ፤ ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ተባሉ።

ለምን ጎሬ? አንዱ ምክንያት መገናኛ ነው። ከጎሬ ቁልቁል ጋምቤላ አለ፤ ከጋምቤላ ደግሞ ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቡ እስከ ሱዳን ይወርዳል። ቡናው የሚወጣበት መንገድ የወሬውም መንገድ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ካፒቴን ኧርስኪን ጎሬ ተቀምጦ ነበርና ቴሌግራሞቹ ሎንዶን ይደርሱ ነበር። በዚያው ጊዜ ለእንግሊዝ ሞግዚትነት የጠየቁት የወለጋ ባላባቶች ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ያቀረቡት ልመና ያለፈው በዚሁ ቆንስል እጅ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከአንድ ምዕራብ ሦስት ዓይነት ወሬ ይወጣ ነበር። ጎሬ «መንግሥት አለ» ትላለች። ባላባቶቹ «ጠባቂ እንፈልጋለን» ይላሉ። ከኢጣልያ ጋር መስማማት ይሻላል ያለው ደግሞ «ኑ» ይላል። የኢጣልያ አየር ኃይል ከሦስቱ አጥብቆ የሰማው የመጨረሻውን ነበር።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ከሚባል ሜዳ ላይ አረፉ። መሪያቸው የአየር ኃይል ጄኔራል ቪንቼንዞ ማልዮኮ ነበር። ሐሳባቸው ከደጃዝማች ሀብተ ማርያም ጋር ተስማምተው ምዕራቡን በጭቃ መንገድ ሳይደክሙ ከአየር መያዝ ነው። አስተርጓሚ አላቸው፤ አባ ቦሬሎ የተባለ አገሩን የሚያውቅ ሚሲዮናዊ አብሯቸው ነበር። ሜዳው ሜዳ ሆኖ ተገኘ፤ ጎማው መሬት ነካ፤ አውሮፕላኖቹ በደኅና ቆሙ። እስከዚህ ድረስ ዕቅዱ አልተዛነፈም።

በዚያች ሌሊት የጥቁር አንበሳ ሰዎች መጡ። አብዛኞቹ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣቶች ናቸው፤ በዕድሜ እኛን የሚያክሉ። አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራሉንና ባልደረቦቹን ገደሉ። በሕይወት የተረፈው ቄሱ ብቻ ነው። ከሞቱት አንዱ አንቶኒዮ ሎካቴሊ የተባለ ስመ ጥሩ አብራሪ ነበር። ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ቪየና ድረስ በርረው በከተማዋ ላይ የታተመ ወረቀት ከበተኑት አብራሪዎች መካከል ነው። ከሰማይ መልእክት መጣል ያውቅበታል። ከምድር መልእክት መቀበል ግን ሌላ ነገር ሆነና ቦናያ ላይ አለቀ።

ይህን ታሪክ በጀግንነቱ በኩል ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ጀግንነቱም የሚገባ ነው። እዚህ የምናነሣው ሌላውን ፊቱን ነው። ማልዮኮ ካርታ ነበረው፣ አውሮፕላን ነበረው፣ ወዳጅም ነበረው። ያልነበረው ነገር ወዳጁ ያልሆነው ሰው የት እንዳደረና ምን እንዳሰበ የሚነግረው ነው። ሳሩን አይተው ገደሉን ሳያዩ ወረዱ።

በእርግጥ ቦናያ ላይ ያረፉት ሄሊኮፕተሮች አይደሉም፤ በዚያ ዘመን ለጦር ሥራ የደረሰ ሄሊኮፕተር ገና አልነበረም። ግን ያደረጉት ነገር በኋላ ሄሊኮፕተር የተሠራለት ሥራ ነው፦ መንገድ በሌለበት፣ አየር ማረፊያ ባልተሠራበት፣ በማያውቁት ሰው መካከል መውረድ። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ የቦናያን ችግር አላስቀረም። እንዲያውም አበዛው፤ ምክንያቱም ማረፊያው አሁን የትም ሆነ።

አሁን የእኛን አገር መልክዓ ምድር እንየው። ጎሬ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ላይ ናት። አየሩ ከፍታ ላይ ስለሚሳሳ፣ ቆላ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ስለሚያሳሳው፣ የሄሊኮፕተር ክንፍ የሚያነሣው ክብደት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጋምቤላ ላይ የተጫነ ጭነት ጎሬ ላይ ቀስ ብሎ ለማረፍ ሊከብድ ይችላል። ሁለተኛው ነገር ራዲዮ ነው። የአውሮፕላን የተለመደው ቪኤችኤፍ ራዲዮ እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ ከጋረደው አይሰማም። ሄሊኮፕተር ደግሞ ዝቅ ብሎ ሸለቆ ለሸለቆ የሚሄድ ነው። አንድ ጋራ ሲዞር ከጦር ሰፈሩ ይለያል፤ ሌላውን ሲዞር ከጓደኛው ይለያል። ሦስተኛው ጨፌው ነው። ከመቱ ዙሪያ ጀምሮ በየሸለቆው ግርጌ ያለው ጨፌ ከላይ ሲታይ ለጥ ያለ፣ ዛፍ የሌለበት፣ አረንጓዴ ሜዳ ነው። ለማረፊያ ከሱ የሚያምር የለም። ከታች ግን ውሃ ነው። ላም የምታግድ ልጅ የምታውቀውን ይህን ነገር ፎቶግራፍ አይናገርም።

እንግዲህ የበረራ ዕቅድ የሚባለው እነዚህን ሁሉ ሳይነሡ በፊት መመለስ ነው፤ መገናኛ የሚባለው ደግሞ ከተነሡ በኋላ መልሱ ሲለወጥ ማወቅ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ምን እንደሚሠራ የራሳችን ታሪክ ያሳያል።

በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ የካራማራን በር ዘግቶ ነበር። በሩን ፊት ለፊት መስበር ብዙ ደም የሚያስከፍል ነበር። የተመረጠው መንገድ መዞር ነው። ከፊሉ ጦር ተራራውን ከሰሜን በኩል ሲዞር የሶቪየት ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ጭነው ከጠላት ጀርባ አወረዱ። የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ተመለሰች። እኛ በየዓመቱ ካራማራን ስናስብ የምናስበው ታንከኛውንና እግረኛውን ነው፤ ደግ አደረግን። ግን እስቲ ያን የሄሊኮፕተር ዕቅድ ያወጡትን ሰዎች እናስብ። አማርኛ የሚናገር ጦር፣ ሩስኛ የሚናገር አማካሪ፣ ስፓኒሽ የሚናገር የኩባ ወታደር በአንድ ግንባር ተሰልፈዋል። የአየር ኃይላችን መሣሪያ ራሱ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ጎራ እየዞረ ያለበት ጊዜ ነው። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሚወርደው ሰው ብዛት በአስተርጓሚ አፍና በወረቀት ካርታ ላይ መግጠም ነበረበት። ገጠመም። ስለዚህ ያለ ኮምፒዩተር አይቻልም የሚለው ሐሰት ነው። ይቻላል፤ ግን ሁሉም ሰው ከመነሣቱ በፊት ተገናኝቶ አንድ ነገር እስኪገባው ድረስ መነጋገር አለበት።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመን በ1977 ዓ.ም. የሆነው ነው። የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ በረኀብ ተመትቶ፣ መኪና የማይደርስባቸው አምባዎች ላይ ሰው እያለቀ ነበር። የእንግሊዝ ሄርኩሊስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖች እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ጆንያ ያለ ጃንጥላ መሬት ላይ ይጥሉ ነበር። ታዲያ ሜዳውን ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? ከዚያ ከፍታ የተወረወረ ጆንያ ሰው ላይ ቢያርፍ ይገድላል። ያን ሥራ የሠሩት የፖላንድ የጦር ኃይል ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ናቸው። ቀድመው ሄደው ያርፋሉ፤ ሜዳውን ያያሉ፤ የመሬት ቡድኑን ያወርዳሉ፤ ሰውና ከብት ይርቃል፤ ከዚያ ትልቁ አውሮፕላን ይጠራል። እንግሊዝና ምዕራብ ጀርመን የኔቶ፣ ፖላንድ የዋርሶ ቃል ኪዳን አባል ነበሩ። አውሮፓ ላይ እርስ በርስ ሚሳይል የደገኑ ሰዎች እዚህ አምባ ላይ ለአንድ ጆንያ ተደማመጡ። በዚያው ዓመት ከዚያ ደጋ ተነሥተው ወደ ኢሉባቦር የሰፈሩት ቤተሰቦች ዛሬ የእኛ ጎረቤቶችና የክፍል ጓደኞቻችን ወላጆች ናቸው፤ ታሪኩ ሩቅ አይደለም።

የፖላንዶቹን ሥራ ልብ ብለን እንየው። ዕቅዱ ውስጥ መሬት ላይ የሚቆም ሰው ነበረበት። ራዲዮው የሚያገናኘው አብራሪን ከአብራሪ ብቻ ሳይሆን አብራሪን ከሜዳው ጋር ነው። ቦናያ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር።

መገናኛ ሲጎድል ሀብታሙም እንደሚወድቅ ደግሞ አሜሪካኖች አስተምረውናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1980 ቴህራን የታገቱ ዜጎቻቸውን ለማስለቀቅ ስምንት ሄሊኮፕተሮች ከመርከብ ላይ አስነሡ። በበረሃው ላይ የተንጠለጠለ አቧራ ሊያጋጥም እንደሚችል የአየር ጠባይ ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ለአብራሪዎቹ ግን አልተነገረም። ጠላት እንዳይሰማ በሚል ራዲዮ መነጋገር ተከልክሏል። አንዱ በብልሽት መንገድ ላይ ቀረ። አንዱ አቧራው ሲበዛበት ወደ መርከቡ ተመለሰ፤ ወደፊት ያለው ሰማይ ጥርት ያለ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ይቀጥል እንደነበረ በኋላ በተደረገው ምርመራ ተገለጠ። ሌላው ደርሶ ተበላሸ። ለሥራው የሚያስፈልጉት ስድስት፣ የቀሩት አምስት ሆኑ። ዘመቻው ተሰረዘ፤ ሲመለሱም አንድ ሄሊኮፕተር ከነዳጅ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰው ሞተ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «እዚህ ጥርት ብሏል» የሚል፣ ቢተላለፍ ኖሮ ስድስተኛው ሄሊኮፕተር በደረሰ ነበር።

ሁለተኛው ይብሳል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1994 በሰሜን ኢራቅ ላይ ሁለት የአሜሪካ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች በሁለት የአሜሪካ ኤፍ-15 ተዋጊ አውሮፕላኖች ተመትተው 26 ሰው አለቀ። ሰማዩ ብሩህ ነበር። የሚቆጣጠራቸው ራዳር የተሸከመ አውሮፕላን እዚያው በላይ ነበር። ታዲያ እንዴት? ሄሊኮፕተሮቹ የምድር ጦር፣ ተዋጊዎቹ የአየር ኃይል ናቸው። የሚሰሙት የራዲዮ ሞገድ የተለያየ ነበር። «ወዳጅ ነህ ወይስ ጠላት?» ለሚለው መሣሪያ የሚመልሱት መለያ ቁጥር በዚያ ቀጣና ውስጥ መለወጥ ሲገባው በሄሊኮፕተሮቹ ዘንድ አልተለወጠም። ተዋጊዎቹ ይዘውት የወጡት የዕለቱ ዕቅድ ላይም የሄሊኮፕተሮቹ ጉዞ በዝርዝር አልሰፈረም። ስለዚህ አብራሪዎቹ በዓይናቸው አይተው የኢራቅ ሚ-24 መሰሏቸው። ሁሉም መሣሪያ ነበራቸው፤ መሣሪያዎቹ ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም ነበር።

ዛሬ «ዲጂታል ማድረግ» የሚባለው ነገር ከእንዲህ ያለው ደም የተወለደ ነው። ድሮ አብራሪው ካርታውን አጥፎ ጭኑ ላይ ያስር ነበር፤ መንገዱን በእርሳስ ያሰምራል፣ ነዳጁን በእጁ ያሰላል። አሁን ዕቅዱ የሚወጣው በኮምፒዩተር ነው። የጋራው ከፍታ፣ ነፋሱ፣ ሙቀቱ፣ ጭነቱ፣ ነዳጁ፣ የራዲዮው ሞገድና መለያው አንድ ላይ ይሰላል፤ «ይህን ያህል ጭነህ ጎሬ ላይ አትወርድም» ብሎ ማሽኑ ከመነሣትህ በፊት ይነግርሃል። ከዚያ ሁሉም በአንዲት ትንሽ ካርድ ወደ ሄሊኮፕተሩ ይገባል። በአየር ላይ ደግሞ ራዲዮው ድምፅ ብቻ ሳይሆን ጽሑፍና ነጥብ ይልካል፤ አብራሪው የጓደኞቹን ቦታ መስተዋቱ ላይ ያያል። ጋራ ሲጋርደው ሳተላይት ያገናኘዋል። ዕቅዱ መንገድ ላይ ቢለወጥ አዲሱ መስመር ለሁሉም አብሮ ይደርሳል። አሜሪካኖች አሮጌ ብላክ ሆኮቻቸውን አፍርሰው የመርፌ መለኪያዎቹን በዲጂታል ገበታ ተክተው ዩኤች-60ቪ ሲሉ የሰየሙት ለዚህ ነው። በ1980ው አቧራና በ1994ቱ ሞገድ የሞቱት ሰዎች ይህ ቢኖራቸው ይተርፉ ነበር ብንል አንሳሳትም። ስለዚህ እኛ «ማሽን ምን ያደርጋል» ከሚሉት ወገን አይደለንም።

ግን ጥያቄያችን አላለቀም። ገበታው ላይ የምትታየውን ነጥብ ማን አኖራት?

አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ነቀምቴ በድሮ መጽሐፍ ለቀምት ናት። ኢሉባቦር ዛሬ ኢሉ አባ ቦራ ነው። አንድ ጨፌ በኦሮምኛ አንድ ስም፣ በአማርኛ ሌላ፣ በካርታ ላይ ደግሞ የውጭ አገር ሰው እንደሰማው የተጻፈ ሦስተኛ ስም ሊኖረው ይችላል። በሰው አፍ ሲሆን «የቱ? ወንዙን ተሻግሮ ያለው?» ብለህ ትጠይቃለህ። ማሽኑ አይጠይቅም። የተነገረውን ቦታ ይዞ ነጥቡን በትክክል፣ በሜትር ልክ፣ በተሳሳተው ጨፌ ላይ ያኖረዋል። በድምፅ ራዲዮ ዘመን አንድ ስሕተት አንድ አብራሪ ያሳስት ነበር። በዲጂታል ዘመን ያው ስሕተት በአንድ ቅጽበት በሁሉም መስተዋት ላይ ይወጣል፤ ሁሉም ስላዩትም እውነት ይመስላል።

ማልዮኮ ዛሬ ቢሆን ሳተላይት ሜዳውን ያሳየው ነበር። የደጃዝማቹ መልእክት በወረቀት ሳይሆን በመስተዋት ላይ ይመጣለት ነበር። ከሦስቱ ወሬዎች የሚስማማውን አንዱን ብቻ ከሰማ ግን ቦናያ ያው ቦናያ ነው፤ ፈጥኖ መድረሱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ይህን የምንጽፈው ለአብራሪዎች አይደለም፤ እነሱ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የምንጽፈው ነገ ካርታ ለሚሠራው፣ የቦታ ስም ለሚመዘግበው፣ ለሚያስተረጉመው ጓደኛችን ነው። ሄሊኮፕተር ለእኛ ለታች ላሉት ሁለት ነገር ነው፤ እህል ወይም እሳት። የቱ እንደሆነና የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ውሳኔ ውስጥ የሜዳው ሰው ቃል ከሌለበት፣ በጣም ዘመናዊ የሆነው መገናኛ እንኳ እርስ በርስ የሚነጋገሩ የላይ ሰዎች ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። የጎሬና የመቱ ልጆች ኦሮምኛውንም አማርኛውንም የሚያውቁ፣ የጨፌውንም የደኑንም ስም የሚለዩ ናቸው። ይህ እውቀት የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ተራ ትዝታ አይደለም፤ ሰው የሚያድን መረጃ ነው፤ ዛሬ ተሰብስቦ ካልተጻፈ ነገ ካርታው ላይ የሚሰፍረው የሌላ ሰው ግምት ነው።

በክረምት ድምፁ እንደገና በሶር ሸለቆ በኩል ሲመጣ ሰው ቀና ብሎ «የማን ነው? ወዴት ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኛ የምንመኘው ጥያቄው ከላይም እንዲመጣ ነው። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት «በነሐሴ የትኛው ጨፌ ይይዛል?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይኑረው፤ የዚያች ላም ጠባቂ ልጅ መልስም ገበታው ላይ ይስፈርለት።